አምስት አፍ ለአንድ ጉበት

ሆለታ ውስጥ በወፍጮ ሰፈር እድር ቅዳሜ ጠዋት ምራቅ ይሰጣል። የሰፈሩ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቁርስ አይቀምስም፣ ጥርሱን አይቦርሽም፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር አይጣላም። የመጨረሻው ነገር ቀላል ስላልሆነ ዓርብ ዓርብ በሰፈሩ የሚታየው ትሕትና ሌላ ቀን አይገኝም። ባል ዕቃ ያጥባል፣ ምራት ለአማቷ የእግር ውኃ ታሞቃለች። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወደ ጠባዩ ይመለሳል።

አካል የበቀለለት ሰው ሁሉ አምስት አፍ አለው። ጉበትም ሆነ ልብ ሐኪም ቤት በቅሎ የመጣ ሥጋ «ቆይ» የሚለው ካላገኘ አይቆይም። አምስት ጎረቤቶች በየሳምንቱ በየቱቧቸው እንትፍ ይላሉ፤ ሰዉ «ቀማሽ» እያለ የሚጠራው ማሽን ምራቃቸውን ቀምሶ ይደባልቅና በብልቃጥ ጠብታ ያወጣል፤ ባለአካሉ ይጠጣና እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ ይሰነብታል። ሕጉ የወጣው አካል እየተሰረቀ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ነው፤ ጎረቤት የማያውቀው ሰው የሕዝብ ጉበት ይዞ እንዳይጠፋ። አንድ አፍ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አዲስ አካል መጀመሪያ የቀመሳቸውን አምስት አፎች ይለምዳል፣ ከለመደ በኋላ የሌላ ሰው ምራቅ ለእሱ ውኃ ነው። ከአምስቱ አንዱ ቢሞት ባለአካሉ የሟቹን የሞት ወረቀት ይዞ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ይተኛል፣ ሌላ አፍ ያለማምዱታል። አፉ ቢቀየም ግን ተቀባይነት ያለው ወረቀት የለም። ሕግ አውጪዎቹ አላሰቡበትም፤ ጎረቤቱን ምራቅ የከለከለ ሰው በአገሩ ታይቶ አይታወቅምና።

ሰዉም ሕጉን ለመልመድ አልተቸገረም። ድሮም ሽማግሌ ልጅ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይል ነበር። አሁን የተጨመረው ቱቦ ብቻ ነው።

ይርገዱ የአቶ ልሳነወርቅ ጉበት አንዷ አፍ ናት። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ በአንድ የአበባ እርሻ የጽጌረዳ ቅጠል ትለቅማለች። እጇ ነካ ሲያደርገው የሚረግፍ ቅጠል በእጇ እንዳልተቆረጠ፣ ግንዱ ከውስጥ ቀድሞ እንደዘጋበት ከአለቆቿ በላይ ታውቃለች። አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ የእድሩ ፀሐፊ ናቸው፤ ስልሳ አምስት ያለፋቸው፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ የድንኳኑን ካስማ ራሳቸው የሚተክሉ ሰው።

በዚያ የሚያዝያ ቅዳሜ ምራቅ ተሰጥቶ ጠብታው ከተጠጣ በኋላ አቶ ልሳነወርቅ በእድሩ አዳራሽ አምስቱን አፎቻቸውን አቁመው የምስጋና ወረቀት ሰጧቸው። ጉበታቸው ሦስት ዓመት መሙላቱ ነው። «እነዚህ አምስት ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ አፈር ነበርኩ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ይርገዱ ሰው ፊት መመስገን ስለማትወድ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወረቀቱን ተቀበለች።

ወረቀቱን አላነበበችውም። በወፍጮ ሰፈር ሰው የሰጠህን ወረቀት ሰጪው ፊት ቆሞ ማንበብ አላመንኩህም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ባለጌ በሰፈሩ የለም። ቱቦም ሲሰጡህ በላዩ የተጻፈውን ስም አታይም። ተቀብለህ እንትፍ ትላለህ፣ መርቀህ ትመልሳለህ።

እሑድ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ወረቀቱን ከልጇ ከስመኝ ፎቶ አጠገብ ሰቀለችው። እንግዳ መጥቶ ምን ይላል ቢላት እንዳታፍር ብላ ነው ያኔ ያነበበችው። «ወይዘሮ ይርገዱ ከሚያዝያ 6 ቀን 2072 ዓ.ም. ጀምሮ ለአቶ ልሳነወርቅ ጉበት ሳያቋርጡ ምራቃቸውን ስለሰጡ እድሩ ያመሰግናል» ይላል። ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ስመኝ የሞተችው ሚያዝያ 16 ነው።

ስመኝ ልቧ በተፈጥሮ ሽንቁር ነበረው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አዲስ ልብ በቀለላት፣ እናቷን ጨምሮ እነዚሁ ወረቀት የተሰጣቸው አምስት ሰዎች አፍ ሆኑላት። በሃያ አራት ዓመቷ አፋር ውስጥ ባለ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ የሁለት ወር ሥራ አገኘችና ሄደች። ጠብታዋ በየቅዳሜው በበረዶ ሳጥን ታሽጎ ለአውቶቡስ ሹፌር ይሰጣል፣ እሷም ሰኞ ጠጥታ ለእናቷ ትደውላለች። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሁለት ቅዳሜዎች ይርገዱ እንደወትሮው ቱቦውን ተቀብላ «እንትፍ እንትፍ፣ ልጄ ሰንብቺልኝ» ብላለች። ሳጥኑንም ለሹፌሩ በእጇ ሰጥታለች። ማክሰኞ ስመኝ ምሳ እየበላች ወንበር ላይ እንዳለች ቀረች። ብልቃጡ በመንገድ ሙቀት ተበላሽቷል ተባለ፣ ሬሳው መጣ፣ ተቀበረች።

በሣልስቱ አቶ ልሳነወርቅ ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዟት። «ምንም አልተሰማትም፣ እንቅልፍ ነው» አሏት። ቀጥለውም እሳቸውም አዲስ ጉበት እንደገባላቸው፣ አምስቱ አፎች እንዲያው ሥራ ከሚፈቱ ከነገ ጀምሮ የሰው ነፍስ ቢያቆዩ ለስመኝም ጽድቅ እንደሚሆንላት ነገሯት። ይርገዱ አለቀሰችና እሺ አለች። እንዲያውም ልጄ ከሞተች በኋላ እንኳ የሚያስብላት ሰው አገኘች ብላ አመሰገነቻቸው። ነገ ማለት ሚያዝያ 20 ነው። ስድስት አይደለም።

ሰኞ ከእርሻው ፈቃድ ጠይቃ የቀማሹ ኃላፊ ወደሆነችው ወደ ሲስተር ጽጌማርያም ሄደች። ሲስተር ጽጌማርያም ከተመደበች ገና አምስት ወሯ ነው፤ የምስጋናውንም ቀን ከድሮው መዝገብ ያወጣችው እሷ ናት፣ በደግነት።

«እትዬ ይርገዱ፣ መዝገቡ ይኸውልዎት» አለች ስክሪኑን አዙራ። «መጋቢት 29 አምስታችሁም በስመኝ ስም ነው የሰጣችሁት። ሚያዝያ 6 በጋሽ ልሳነወርቅ ስም። 13ም እንደዚያው።»

«ለስመኝስ?»

«በስመኝ ስም ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።»

«ብልቃጡን አይቼዋለሁ። ሳጥኑን ለሹፌሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሲስተር ጽጌማርያም ወደ በሩ አየች። «ብልቃጡ ውስጥ ምን እንደነበር አላውቅም፣ እትዬ። የእናንተ ምራቅ ግን አልነበረም።»

ይርገዱ አላለቀሰችም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ልጄ ሰንብቺልኝ እያለች የተፋችውን ሰውየው ጨልጦታል። ከዚያ ቀን ጀምራ በልቧ አንቱታውን አነሳችበት፤ እኛም ከዚህ ወዲያ አንቱ አንለውም።

«ልቧ እንዴት አድርጎ ነው የሄደው? በደንብ ንገሪኝ» አለች።

ሲስተር ጽጌማርያም ይህንን በትምህርት ቤቶችም ስለምታስተምር አፏ ለምዶታል። «እያንዳንዱ ሕዋስ የመሞቻው ትእዛዝ ከተፈጠረ ጀምሮ በውስጡ ተጽፎ አለ። ትእዛዙን እንዳይፈጽም የሚያደርገው ከጎረቤቶቹ የሚደርሰው የ‹ቆይ› መልእክት ነው። መልእክቱ ዘጠኝ ቀን ከቀረበት ተፈላጊ አይደለሁም ብሎ ይወስናል። ውስጡን ራሱ ይቆራርጣል፣ ቁርጥራጩን በትንንሽ ከረጢት ይጠቀልላል፣ ጎረቤቶቹ ከረጢቱን ይበሉታል። ስለዚህ እብጠት የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ሕመም የለም። አንዴ ከጀመረ ደግሞ ጠብታ ቢጠጡም አይመለስም።»

«አልተሰማትም ሲለኝስ አልዋሸኝም» አለች ይርገዱ። «አፉ ቢቆጣስ?»

«ቀማሹ ቀይ ያበራል። ቁጣ ምራቅ ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ምራቅ ጉበት ላይ ቢደርስ ‹ሂድ› ማለት ነው። ቀይ ከሆነ አይደባለቅም። ሰው አስገድደው ቢያስተፉትም ቀይ ነው፣ ማስታገሻ የዋጠም ቀይ ነው።» ሲስተር ስክሪኑን ወደ ራሷ መለሰችው። «እትዬ፣ ክስ ካሰቡ ደንቡን አይቻለሁ። ከሠላሳ ቀን በላይ ከሰፈር የራቀ ጎረቤት አይደለም ይላል። ስመኝ ሠላሳ ሁለት ቀን ሆኗት ነበር።»

«ክስ አላሰብኩም» አለች ይርገዱ።

ሳምንቱን ሙሉ ቅጠል እየለቀመች አሰበች። ሰውየው እንዲሞት ፈለገች። ይህንን ለራሷ ሳታድበሰብስ ነገረችው፤ ንስሐ አባቷ ቢጠይቋትም አትክድም። የፈለገችው ግን ሌላም አለ። ብትከለክለው ሰፈሩ እሷን ያያል፤ ይርገዱ በቂም ሰው ገደለች ይባላል፣ እሱ ደግሞ ካስማ ተካዩ ደግ ሰው ሆኖ ይቀበራል። ድንኳኑ ይሞላል። ስለ እሱ የሚለቀሰውን ለቅሶ ስታስበው የልጇን ሞት ያህል አቃጠላት።

ቅዳሜ ደረሰ። ይርገዱ ቱቦውን ተቀበለችና በሰው ፊት ስሙን አነበበችው። አጠገቧ የነበሩት አፈሩላት። እንትፍ አለች። ቀማሹ ቀይ አበራ።

ወፍጮ ሰፈር ቀይ መብራት ያየው ማሽኑ የተመረቀ ቀን ሙከራ ሲደረግ ነው። «ቁርስ ቀምሰሽ መሆን አለበት» አለ ልሳነወርቅ እየሳቀ።

«አልቀመስኩም።»

አፏን አስጉመጥምጠው፣ አሳርፈው ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ሁለቴም ቀይ ሆነ። የሌሎቹ የአራቱ አረንጓዴ ነበር፤ ግን አምስቱ በአንድ ላይ ካልተደባለቁ ጠብታ የለም፣ አድሮ የተቀመጠም አይሠራም። ልሳነወርቅ ሳቁን ትቶ አያት። እሷም አየችው። በእጁ የሰጣትን፣ ቀኑ የተጻፈበትን የምስጋና ወረቀት ያኔ ሳያስታውሰው አልቀረም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የመጨረሻ ጠብታውን ከጠጣ ሰባት ቀን ሆኖታል። የቀሩት ሁለት ናቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ግቢዋ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ። አካል በፋብሪካ በሚበቅልበት ዘመንም ይቅርታ የሚጠየቀው በድንጋይ ነው። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አለቃ ፍሥሐ ነበሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ።

«ይርገዱ፣ ልጄ፣ በሆነ ነገር አስቀይሜያታለሁ ብሎን ነው የመጣነው። ምን አደረገሽ?»

«እሱ አልነገራችሁም?»

«አልነገረንም።»

«እንግዲያው እኔም አልናገርም። እሱ ይናገር፣ ግን እዚህ አይደለም። ነገ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ፣ ቀማሹ ፊት፣ አምስታችን ባለንበት ያደረገውን አንድ በአንድ ይናገር። ምንም ሳያስቀር ከተናገረ ይቅር እላለሁ።»

«እንትፍም ትያለሽ?»

«እላለሁ። በስመኝ አጥንት።»

አለቃ ፍሥሐ ፊታቸው በራ። ለሰማ ሰው ሁሉ ትንሽ ነገር ነው የጠየቀችው፤ ካሣ የለ፣ ከሰፈር ይውጣልኝ የለ። «ተባረኪ» አሏት። ልሳነወርቅ ግን ከድንጋዩ ሥር አንገቱን እንደምንም ቀና አድርጎ «ይርገዱ፣ ብቻችንን ብንነጋገር» አለ።

«ነገ፣ ጋሼ» አለችው። «ድንጋዩን ያውርዱ፣ ወገብዎን ይጎዳዎታል።»

ያን ቀን አመሻሽ ላይ የስመኝን ልብሶች ከሣጥን አውጥታ አናፈሰች፣ አጣጥፋ መለሰች። ሰውነቷ ሁሉ ቀለል ብሏት በጊዜ ተኛች፤ ሳትነቃ ነጋ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ ተከፈተ። አራቱ አፎች ከነቱቧቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ዘነቡ ናት፤ ይርገዱ አራስ ሆና ስትታመም ስመኝን የራሷን ጡት ያጠባች ጎረቤት ናት። ሁለተኛው ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ስመኝን ፊደል ያስቆጠሩ። የብስክሌት ጠጋኙ ኩራባቸውና ሚስቱ ማንጠግቦሽ አሉ፤ ስመኝ የመጨረሻ ልጃቸው የክርስትና እናት ነበረች። አራቱም የምስጋና ወረቀታቸውን ሰቅለዋል። አራቱም አላነበቡትም።

ልሳነወርቅ መሃል ቆመ። ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታው። ሰዉን ያውቀዋል፤ አርባ ዓመት በይሉኝታው ሲያስተዳድረው የኖረው ሕዝብ ነው። አንገቱን ደፍቶ ከተናገረ ምን ይላሉ፣ እንኳን ተጸጸትክ ከማለት በቀር።

«ሐኪም ቤት አምስት አፍ ይዘህ ና አለኝ» ብሎ ጀመረ። «በሰፈራችን ያልተያዘ አፍ አልነበረም። ስመኝ ከሄደች ሠላሳ ቀን አልፏት ነበር። ደንቡ ይፈቅዳል። ስሟን ሰርዤ የእኔን ጻፍኩ።»

«መቼ?» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

«ሚያዝያ ስድስት።»

ዘነቡ በጣቷ ስትቆጥር ታየች። «እኛ እኮ በዚያን ቅዳሜ ለእሷ ነው እንትፍ ያልነው። በሚቀጥለውም። ጠብታው ተልኮላታል።»

ልሳነወርቅ ኮቱን እንደገና ቆለፈ።

«ሁሉንም» አለች ይርገዱ ቀስ ብላ። «ምንም ሳያስቀሩ ነው የተባባልነው።»

«የተላከው ውኃ ነው» አለ። «ብልቃጡ ባዶ ከሄደ ጥያቄ ይነሳል ብዬ ነው። ሞትን ስፈራ አእምሮዬ በቦታው አልነበረም።»

«ውኃውን ማን ሞላው?» አለ ኩራባቸው።

«እኔ።»

«እኛ የተፋነውስ?»

«እኔ ጠጣሁት።»

ማንጠግቦሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አለቃ ፍሥሐ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልሳነወርቅ ፊታቸውን አይቶ አንድ ነገር ጨመረ፤ ባይጨምር ይሻለው ነበር። «ግን አልታመመችም። ሐኪሙን አስቀድሜ ጠይቄው ነው።»

«አስቀድመህ» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፤ ልሳነወርቅን አንተ ብለውት አያውቁም ነበር።

ይርገዱ ተነሳች። «ተናግረዋል። እኔም ቃሌን አላጥፍም። ይቅር ብያለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበልዎት» አለች። ጉልበቱን ሊስም ያጎነበሰውን ሰውዬ ትከሻውን ይዛ አቀናችው። ከዚያ ቱቦዋን አንስታ እንትፍ አለችና ለሲስተር ጽጌማርያም ሰጠች።

ቀማሹ አረንጓዴ አበራ። ሲስተር ንባቡን ሁለት ጊዜ አየችው፤ ከተመደበች ወዲህ እንዲህ የረጋ ምራቅ አልገጠማትም። የይርገዱ ልብ ከሦስት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ረክቶ አያውቅም፤ ማሽኑም ሰው በምን እንደረካ አይጠይቅም። ልሳነወርቅ እንባው ወረደ። ሽማግሌዎቹ ተመስገን አሉ።

ቀጥላ ዘነቡ እንትፍ አለች። ቀይ።

«እንደገና» አለች ሲስተር። እንደገናም ቀይ ሆነ። ዘነቡ ጡቶቿን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ጋሽ ወልደሰንበት ቱቧቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ተነፈሱ። «ይቅር ማለት እፈልጋለሁ፣ አለቃ። እርስዎ ምስክሬ ነዎት፣ እፈልጋለሁ» አሉ። እንትፍ አሉ፤ ቀይ በራ። ኩራባቸውም ቀይ፣ ማንጠግቦሽም ቀይ ሆኑ። የማንጠግቦሽ ቀይ ከሁሉም የበረታ ስለነበር ማሽኑ ድምፅ አሰማ።

ዘጠነኛው ቀን የሚሞላው እኩለ ቀን ላይ ነው። አለቃ ፍሥሐ ጸሎት አደረሱ። ሰዎቹ ግቢውን ዞሩ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ ሌላ ነገር ለማውራት ሞከሩ። ከአራቱ የከለከለ የለም፤ በተጠሩ ቁጥር እየመጡ እንትፍ ብለዋል። ኩራባቸው አንድ ጊዜ እያለቀሰ ተፋ። ቁጣቸው ግን ገና የሦስት ሰዓት ዕድሜ ያለው ትኩስ ቁጣ ነበር፤ የይርገዱን ያህል ለማቀዝቀዝ ሳምንት አልተሰጣቸውም። ይርገዱም በተጠራች ቁጥር ትፋለች፣ በየጊዜው አረንጓዴ ነው። ማንም ሰው በክፉ አላያትም። አለቃ ፍሥሐ እንዲያውም ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቋት።

በመጨረሻ ልሳነወርቅ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ገና አልታመመም፤ አያምምና። መልኩ ደህና ነው፣ ድምፁም የጤነኛ ሰው ነው። እጇን ያዘ።

«አንቺ አረንጓዴ አብርተሽልኛል» አላት። «አንቺን ይሰሙሻል። እንደምንም ብለሽ ይቅር አሰኚያቸው። በስመኝ ይሁንብሽ።»

ይርገዱ እጇን አልነጠቀችውም። ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ በለዘበ ድምፅ መለሰችለት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። እነሱን ይጠይቋቸው።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።